ደስታ ሁለት ማልያ

ጋሽ ደስታ ማረፉን የነገረችኝ ልጁ ማርታ ናት። መሃል ከተማ ያለችውን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄን ከፍቼ የደብተሮቹን አቧራ ሳራግፍ ስልኬ ጠራ። «ጋሽ ግርማ፣ አባዬ ወደ ጌታ ሄደ» አለችኝ። ከዚያ፣ «ሳጥኑ ላይ ማልያውን እናድርግለት እየተባባልን ነው። የትኛው ይሻላል ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሁለቱንም አድርጉለት» አልኳት። አንዱን ብቻ ካደረጋችሁ ተነስቶ ሌላውን ይጠይቃል ልላት ነበር፤ ሰዓቱ የቀልድ ስላልሆነ ዋጥኩት። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የያዘኝ ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እኔ ግን በሕይወት እያለ ልነግረው የሚገባኝን አንድ ቃል ሳልነግረው ነው የቀረሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።

«ደስታ ሁለት ማልያ» ሲባል ሐዋሳ ውስጥ ዕድሜው ጠና ያለ የኳስ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔና እሱ የምንሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዚያን ጊዜ ሁለት ቡድን ነበረው፤ አንዱ የእግር ኳስ፣ አንዱ የመረብ ኳስ። ሌላው ሰው አንዱን ይመርጣል። ደስታ መምረጥ አልፈለገም። በእግር ኳሱ የመሃል ተከላካይ ነው፤ በመረብ ኳሱ ደግሞ ከመረቡ ሥር ቆሞ የባላጋራን ምት የሚመልሰው እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ጨዋታ ስለሚኖር ቢጫውን የመረብ ኳስ ማልያ ከሥር፣ ሰማያዊውን የእግር ኳስ ማልያ ከላይ ደርቦ ይመጣል። የእግር ኳሱ የመጨረሻ ፊሽካ እንደተነፋ ሰማያዊውን እያወለቀ ወደ መረቡ ይሮጣል። ታኬታውን እንኳ የሚፈታው ቆሞ አይደለም፤ በአንድ እግሩ እየዘለለ ነው። ተመልካቹም ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው አብሮት ይጎርፋል።

«አይደክምህም ወይ?» ስንለው፣ «የደከመው እግሬ ነው፤ እጄ ገና ሥራ አልጀመረም» ይለን ነበር።

በዕድሜ ስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ስለዚህ ጋሽ ደስታ እለዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ካልሲ የተዋዋሰ ሰው አንቱ አይባባልም፤ አንተ እያልኩት ነው የኖርኩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ትንሽ ወደ ፊት የሚያዘነብል ሰው ነበር። የማልረሳው ግን ጣቶቹን ነው። አንዳቸውም ቀጥ ያሉ አልነበሩም። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ጋር የተኳረፈች ይመስል ወደ ውጭ ዞራ ቀርታለች። ሲጫወት ነው ሁሉም የተሰበሩት፤ እሱም እንደ ሜዳልያ ያሳየናል። «ይቺ የሻሸመኔ ናት» ይላል አውራ ጣቱን አንስቶ፣ «ይቺ የዲላ። ይቺኛዋ ደግሞ የገዛ ጓደኛዬ ሥራ ናት፤ አብረን ዘለን።»

የምንሠራው ሽመና ክፍል ነው። እዚያ ማሽኖቹ ሲነሱ ሰው ጆሮ ላይ ቢጮኹ አይሰማም፤ ስለዚህ ሸማኔው ሁሉ የሚነጋገረው በእጁ ነው። ውኃ፣ ምሳ፣ አለቃ መጣ፣ ለሁሉም የየራሱ ምልክት አለው። ዋናው ምልክት አንድ እጅን ከራስ በላይ ቀጥ አድርጎ ማንሳት ነው። «በእኔ ማሽን ክር ተበጥሷል፤ አቁሜአለሁ» ማለት ነው። እጁን ያነሳ ሰው መካኒኩ እስኪመጣ ይቆማል፣ አለቃው መጥቶ ይገላምጠዋል፣ የቀኑ ሥራው ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ብዙዎቻችን አንዲት ክር ብትበጠስ አይተን እንዳላየን እናልፍ ነበር። ጨርቁ ላይ ቀጭን መስመር ትቀራለች፤ ማን እንደሸመነው ማን ያውቃል?

ደስታ አንድም ቀን አላለፈም። ገና ክሯ ስትላቀቅ ያ ረጅም እጁ ከማሽኖቹ በላይ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ምን ያስጨንቅሃል፣ አንዲት ክር እኮ ናት» አልኩት።

«የሚለብሰው ሰው ያገኛታል» አለኝ፤ እንጀራውንም መቁረሱን ቀጠለ።

እኔ በረኛ ነበርኩ። ክፉ በረኛ አልነበርኩም፤ ይህን የምለው ስለ ራሴ ስለማወራ አይደለም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረብኝ። ከፍ ብሎ ለሚመጣ ኳስ ከመስመሬ ለመነሳት አመነታለሁ። ደስታ ከፊቴ ሆኖ «ግርማ፣ ና! ና!» እያለ ይጮኻል፤ እኔ የምደርሰው እሱ በግንባሩ ገጭቶ ካራቀው በኋላ ነው። አሰልጣኙ ሊቀይረኝ ሲያስብ የተከራከረልኝ ያው ደስታ ነው። «ይዘገያል እንጂ ይመጣል» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድኑ በዚች አባባል መቀለጃ አደረገኝ። አውቶቡስ ሳስጠብቅ «ይዘገያል እንጂ ይመጣል!»፣ ፈረቃ ሳረፍድ «ይዘገያል እንጂ ይመጣል!»፣ ሠርጌ ዕለት ሙሽራይቱ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ሚዜዎቼ በአንድ ድምፅ ብለውኛል።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን ልምጣ። የከተማውን ዋንጫ ለመውሰድ ከቱላ ቡድን ጋር የተገናኘነው ክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዋንጫውን ካመጣን ጊዜያዊ የሆንነውን ተጫዋቾች ቋሚ እንደሚያደርገን ቃል ገብቶልን ነበር። ስድስት ነበርን። እኔ አንዱ ነኝ፤ ባለቤቴም የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ደስታ ቋሚ ከሆነ ቆይቷል፤ ለእሱ ዋንጫው ዋንጫ ብቻ ነው።

ቱላዎች ደግሞ ሃሜሶ የሚባል የሃያ ዓመት አጥቂ ነበራቸው። ሲሮጥ ሣሩን የሚነካ አይመስልም። እሱን ለማየት ከአዲስ አበባ የአንድ ትልቅ ክለብ ሰው መጥቷል ተብሎ ሜዳው ሁሉ ይንሾካሾክ ነበር። ሰውዬው ጥቁር ጃንጥላ ይዞ መሃል ተቀምጧል፤ እኔም አይቼዋለሁ።

አንድ ለዜሮ እየመራን ዝናቡ ወረደ። ሜዳው ጭቃ ሆነ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቱላዎች የማዕዘን ምት አገኙ። ኳሱ ሲነሳ ደስታ «ና!» ብሎ ጮኸ። ለአንድ ቀን ሳላመነታ ተነሳሁ፤ ጭቃው ግን እግሬን ጠርጎ በጀርባዬ ዘረረኝ። እንደተንጋለልኩ ወደ ላይ አየሁ። ሃሜሶ ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ መታው። ኳሱ ጎሉ ውስጥ ሊገባ ነው። መስመሩ ላይ የነበረው ደስታ ዘለለና ቀኝ እጁን ሰደደ፤ ልክ ቅዳሜ ቅዳሜ መረቡ ሥር እንደሚያደርገው። በጣቶቹ ጫፍ ነካው። ኳሱ የጎሉን የላይኛውን ብረት መትቶ ወጣ።

አስቦ አላደረገውም፤ ይህን በማንም ፊት እምላለሁ። ያ እጅ ከላይ የሚመጣ ኳስ ባየ ቁጥር ራሱ እየተነሳ አሥር ዓመት የኖረ እጅ ነው። ሌላ ተከላካይ ቢሆን እዚያች ቦታ ላይ እጁ አይነሳም ነበር። ዳኛው ከሰው ክምር ኋላ ነበር፤ የመስመር ዳኛው ዝናቡን ከዓይኑ ይጠርጋል። ሁለቱም ኳሱን ብረቱ ብቻ የመለሰው መሰላቸው። ያየነው ሦስት ነን፤ ደስታ፣ ሃሜሶና ከሥር የተጋደምኩት እኔ።

ሃሜሶ «እጅ! እጅ ነው!» እያለ ወደ ዳኛው ሮጠ። ዳኛው «ተጫወት!» አለው። ሃሜሶ የዳኛውን ደረት ጨምድዶ ያዘ፣ ቀይ ካርድ ወጣበት። ባለጃንጥላው ሰውዬ ጨዋታው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም፤ ተነስቶ ሄደ።

ያኔ ደስታን አየሁት። ቀኝ እጁ ከጎኑ ተነስታ እስከ ደረቱ ደርሳለች። ትንሽ ቢቀጥል ከራሱ በላይ ትወጣ ነበር። ዞሮ አየኝ፤ እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ እያየሁት ነበር። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ አላውቅም፤ የፈራ ሰው ፊት ነበር የሚሆነው። እጁን አወረደ።

ለእኔ ሲል ነው ያወረደው። ለስድስታችን ነው ማለት እችላለሁ፤ ያየው ግን እኔን ነው።

ዋንጫውን ወሰድን። ቋሚ ሆንኩ፤ በዚያ ሥራ ሦስት ልጅ አሳደግኩ። ሃሜሶ ለአንድ ዓመት ታገደ። ከዚያ በኋላ ሊያየው የመጣ የለም፤ ቱላ የአባቱን መሬት እያረሰ ቀረ። ይህ ሳያንሰው የከተማው ሰው ስም አወጣለት። ለገበያ ወደ ከተማ ሲገባ ከየሱቁ ደጃፍ «እጅ! እጅ!» እያሉ እጃቸውን ያወጡበታል። ተሸንፎ ሰበብ የሚፈልግ ሰው ሁሉ «ሃሜሶ አትሁን» ይባል ጀመር። ፋብሪካውን ትቼ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላም በደጄ ሲያልፍ ጎረቤቶቼ እጃቸውን ሲያወጡበት አብሬ ስቄአለሁ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ብዙ ቀን። እሱ ቀና ብሎ ያየንና መንገዱን ይቀጥላል።

ደስታ ከዚያ ጨዋታ በኋላ እግር ኳስ አልነካም። «ጉልበቴ» አለ። ጉልበቱ መረብ ኳስ ላይ ግን ደህና ነበር። ሰማያዊውን ማልያ አጥቦ፣ አጥፎ፣ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው፤ ሰው ግን «ሁለት ማልያ» ማለቱን አልተወም።

በመረብ ኳስ እጅህን ነክቶ ወደ ውጭ የወጣ ኳስ ነጥቡ ለባላጋራህ ነው። በጣት ጫፍ የተነካን ኳስ ዳኛው ብዙ ጊዜ አያየውም፤ ተጫዋቹ ራሱ እጁን ካላወጣ ማንም አያውቅም። ደስታ ከዚያ ወዲህ ኳሱ ጥፍሩን ከነካው እጁን ያወጣል። ከዲላ ከመጡት ጋር ስንጫወት ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርታን ነበር። እነሱ የመቱት ኳስ ከእኛ ሜዳ አልፎ ወደቀ። ዳኛው ነጥቡን ለእኛ ሰጠ፣ ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ደስታ ቆሟል፤ እጁ ከራሱ በላይ ነው። ነጥቡ ተመለሰ፤ ጨዋታውንም ተሸነፍን።

አሰልጣኙ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረ። «አንተ ሰውዬ፣ ዳኛው እኮ አላየህም!»

«ያየውንማ ያፏጭበታል» አለው ደስታ፣ «እጅ የሚወጣው ላላየው ነው።»

ይህች ንግግሩ ሐዋሳን ዞረች። ባጃጅ ላይ የጻፋት ሹፌር አውቃለሁ፤ በቤተ ክርስቲያንም ሰባኪው ከመድረክ ላይ ተናግሯታል። ሰው ጻድቅ ነው አለው። እሱ ሲያመሰግኑት አንገቱን ይደፋል፤ እነሱ ትሕትና ነው ይላሉ። ምን እንደሚያስደፋው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር እንገናኝ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻሙ እያየን ስለ ድሮ እናወራለን። የማይነካ አንድ ወሬ ነበረን፤ ሁለታችንም ዙሪያውን እየዞርን እናልፈዋለን። አንድ ቀን ግን ፊቱን ከውኃው ሳያነሳ፣ «ግርማ፣ ያን ቀን ከሥር ነበርክ አይደል? አይተሃል» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈለግሁ፤ አቃተኝ። አይቻለሁ ካልኩ ሥራዬም፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት እንጀራም፣ የሳቅኩት ሳቅም ሁሉ ስም የሚወጣለት መሰለኝ። ደስታ ትንሿን ጣቱን በሌላው እጁ ይዞ ጥቂት አሻት፤ ሊያቃናት የሚሞክር ይመስል። «እሺ» አለ። ቀጥሎ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ አላነሳብኝም፤ አልተቀየመኝምም። ቢቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ሳልነግረው ቀረሁ ያልኳችሁ ቃል ይኸው ነው፤ «አይቻለሁ» ማለት።

ባለፈው ክረምት ታመመ። ቡሹሎ ሰፈር ያለው ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው አልጋው ላይ ቀና ብሎ ያጫውተኛል። አንድ ሳምንት ሄጄ ደህና ሰው መስሎ ጠበቀኝ፤ «ትናንት ቀለል ሲለኝ በባጃጅ ቱላ ደርሼ መጣሁ» አለኝ።

«በዚህ ሕመምህ! ቱላ ምን አለህ?»

«ሰው አለኝ» አለ። ተጨማሪ አልጠየቅኩትም፤ መጠየቅ አልፈለግኩም። ስወጣ እጄን ይዞ ከወትሮው በላይ ቆየ።

ከቀብሩ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። ማርታ ሁለቱን ማልያዎች ከፎቶው ግራና ቀኝ ሰቅላቸዋለች። የድሮ ሸማኔዎችና ተጫዋቾች አንድ ጥግ ይዘን ተቀምጠናል፤ ግማሾቻችን ጆሯችን በማሽኑ ጩኸት ስለደከመ ስናወራ ድንኳኑ ሁሉ ይሰማል። አጠገቤ ሽፈራው ነበር፤ የቡድናችን ቀልደኛ፣ ዛሬም ከሰባ ዓመቱ አፋፍ ላይ ሆኖ ያልበረደለት።

መዝሙሩ ሲያበቃ ሃሜሶ ገባ። ጠጉሩ ሸብቷል። በትር የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ነበሩ። ለማርታና ለእናቷ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ከፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ሽፈራው በክርኑ ጎሸም አደረገኝና እጁን እስከ ጆሮው ብቻ አንስቶ፣ «እጅ መጣ» አለኝ። በሹክሹክታ መናገሩ ነበር፤ ሁሉም ሰማው። ሁለት ሦስት ሰው አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠ።

ሃሜሶ ቀና ብሎ አየን። ሱቄ ደጃፍ ሲያልፍ እንደሚያየን ነው ያየን። አፈርኩ። እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ከዚያ ሳላስበው እጄ ተነሳ፤ ከራሴ በላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የድሮ ሸማኔዎቹ ምልክቱን ያውቁታልና ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ።

ተነስቼ ቆምኩ። «ሃሜሶ አልዋሸም» አልኩ። «ያን ቀን ኳሱን ያወጣው እጅ ነው፤ የደስታ እጅ። እኔ ከሥር ተጋድሜ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ፤ ደስታ ሲጠይቀኝም ካድኩት። ሃሜሶ፣ አንተ ስታልፍም ከሳቁት ጋር ስቄአለሁ።»

ሽፈራው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀረ። ወደ ማርታ ዞርኩ፤ በአባቷ ለቅሶ ላይ የአባቷን ስም አጎደፍኩ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን የተደነቀች አትመስልም ነበር፤ እንባዋን እየጠረገች ሃሜሶን ታየዋለች።

ሃሜሶ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ደስታ ነግሮናል» አለ። አማርኛው እንደ ድሮው ቀስ ያለ ነው። «በክረምት መጣ። ታሞ፣ በባጃጅ። ይቺ ልጁ ደግፋ አመጣችው። ሶንጎ ላይ፣ ሽማግሌዎቻችን በተቀመጡበት፣ እጁን አወጣ። ሁሉንም ተናገረ። እኔ ይበቃኛል አልኩ፤ ታረቅን። ሽማግሌዎቹ ግን ‹ሌላ ያየ ሰው አለ ወይ?› አሉት። ‹አለ› አለ። ‹ስሙን ጥራ› አሉት። እምቢ አለ። ‹ስሙ የእሱ ነው፤ እሱ ያምጣው› አለ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሲዳምኛ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ሃሜሶ ራሱን ነቅንቆ ወደ አማርኛ መለሰው።

«እንግዲያው ያየው ሁሉ እስኪናገር ነገሩን አንዘጋም አሉት፤ ደንባችን ነው። ‹ያ ሰው ባይመጣስ?› አሉት።» ሃሜሶ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። «‹ይዘገያል እንጂ ይመጣል› አለን።»

ሽፈራው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። እኔ ማየት ተሳነኝ፤ ሰማያዊውና ቢጫው ማልያ በእንባዬ ተደባለቁብኝ።

ሃሜሶ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ጠጋ ጠጋ አሉና ወንበሩ ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ከፈቱ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።